የተረፋት ቃል

ሸጊቱ ክፍሏ መከራየቱን የሰማችው ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ስር ጎንበስ ብላ ጥርሷን ስትቦርሽ ነው። የወንድሟ ሚስት ኤሌኒ ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆማ በስልክ ታወራለች። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ ኤሌኒ ግን ስታንሾካሹክ ይበልጥ የሚሰማ ድምፅ ነው ያላት። «ሰፊ ነው፤ አልጋና ቁም ሳጥን አስገብቶ ይተርፋል። ወለሉ ሊሾ ነው። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ሮቶ አለን» አለች። ትንሽ አዳመጠችና፣ «ልጅቷ? የባለቤቴ እህት ናት። ውጭ አገር ልትሄድ ነው፣ በቅርቡ ትለቃለች። አይ፣ ሐሳብ አይግባሽ፣ ያለቀ ነገር ነው። ማታ ከሥራ ስትወጪ ብቅ በይና እዪው» ብላ ሳቀች።

ሸጊቱ አፏ አረፋ እንደሞላ ቀና አለች። ያለቀ የተባለው ነገር ገና መጀመሩ ነው። እንግሊዝ አገር በነርስነት ለመቀጠር የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ አለባት። የጽሑፉን ባለፈው ሳምንት ተፈትናለች፤ የንግግሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ውጤት አለ፣ ከውጤቱ በኋላ ቅጥር አለ፣ ከቅጥሩ በኋላ ቪዛ አለ። መናደድ እንዳለባት ታውቃለች። ቆማ ጠበቀችው፤ ንዴቱ ግን አልመጣም። ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ እንደተወጋ ሰው መንጋጋ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ ይታወቃታል እንጂ አይሰማትም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ብዙው ነገር እንዲህ ነው የሚያደርጋት። ተጉመጠመጠች፣ ብሩሹን አራገፈች፣ ቧንቧውን ዘጋች።

ግቢው አባቷ ዋቅጅራ ያቆየላቸው ነው። ላፍቶ ዛሬ ፎቅና ሱቅ የሞላበት ቦታ ጤፍና ሽንብራ ሲበቅልበት፣ ዋቅጅራ በሬ ጠምዶ ያርሰው ነበር። መሬቱ ለቤት መሥሪያ ሲወሰድ የተረፈው ይህ ግቢ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሟ ቦንሳ በአጥሩ ጥግ ጥግ የቆርቆሮ ክፍሎች ደርድሮ ያከራያል፤ በአንዱ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰውዬ ይኖራል፣ በአንዱ ዳቦ ቤት የሚሠሩ እህትማማቾች አሉ። የሸጊቱ ክፍል ግን ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ነርስ ሆና ስትመረቅ አባቷ በገዛ እጁ አሸዋ እየነፋ ያሠራላት ነው። ሁለት መስኮት አለው። ግንበኛው «ለአንድ ክፍል ሁለት መስኮት ምን ያደርጋል?» ሲለው፣ አባቷ «ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ልጅ ናት፤ አየር ያስፈልጋታል» ብሎት ነበር።

ቁርስ ላይ ሁሉም ነበሩ። እናቷ፣ አዮ ነው የምትላት፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ትበላለች። ገልባጭ መኪና የሚነዳው ቦንሳ ለመውጣት ስለቸኮለ ሻዩን ቆሞ ነው የሚጠጣው። ኤሌኒ የዳቦውን ነገር አነሳች። «ይቺን አስራ አምስት ብር! አፍ ሳትደርስ የምታልቅ። ቆይተው ደግሞ አየር ጠቅልለው ይሸጡልናል» አለች። ማንም አልሳቀም። ቦንሳ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ሸጊቱ ሳይሆን ወደ በሩ እያየ፣ «ዛሬ ነው አይደል ፈተናው?» አላት። «ዛሬ ነው» አለች። «በርቺ እንግዲህ» አለ። «እሺ» አለች። ሸጊቱ እናቷን አየቻት። አዮ ቀሚሷ ላይ የወደቀ ፍርፋሪ አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ለቅማ ስትጨርስ ያልነበረ ፍርፋሪ መፈለግ ጀመረች። ቀና አላለችም። ታውቃለች ማለት ነው። ሸጊቱ ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆዋን አጠበችና ወጣች።

ቲቸር ጆኒ የሚያስተምረው ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹ የተለያዩ ናቸው፤ ግማሾቹ ከካፌ፣ ግማሾቹ ከቢሮ የተገዙ ይመስላሉ። ሰሞኑን ከተፈተኑ ሰዎች በቴሌግራም እንደሰማው፣ ከሚወጡት የንግግር ካርዶች አንዱ ከሌላ ቋንቋ የወደዳችሁትን ቃል አስረዱ ይላል። ይህን እንደሰማ ጆኒ የጃፓንኛ ቃላት ሰብስቦ መጣ። «ፈረንሳይኛ ማንም ይላል» አላቸው። «አማርኛ ካላችሁት ደግሞ ፈታኙ ሲሰማው የኖረ ነው። ጃፓንኛ ግን ይከብዳል። ጥልቅ ሰው ያስመስላል።» ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ይዘው ገብተው እንዳይነቃባቸው ለየሰዉ እንደ ጸበል ጸዲቅ አደላቸው። ቆንጆ ቆንጆውን ቀድመው የመጡት ወሰዱት። ባንክ የሚሠራው ሱልጣን በቅጠል መሀል ሾልኮ የሚወርድ የፀሐይ ብርሃን የሚል ቃል ደረሰው። ሀና የምትባለው ልጅ መጽሐፍ እየገዙ ሳያነቡ መከመር የሚለውን ያዘች። ሸጊቱ የዚያን ቀን ተረኛ ስለነበረች አርፍዳ ደረሰች። የተረፈው ሾጋናይ ነበር። ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ስለዚህ ተቀብሎ ማለፍ ነው እንደማለት ነው አላት ጆኒ።

«ይሄማ ምን ይደረጋል ማለት አይደለም እንዴ?» ብላው ነበር ያኔ።

«እንዳትይው!» ብሎ እጁን አወናጨፈ። «ይሄ ቃል በየትኛውም ቋንቋ አይተረጎምም ብለሽ ነው የምትጀምሪው። ከተተረጎመማ ምኑን ታስረጃለሽ?»

ዛሬ ብቻዋን ነበረች። ጆኒ የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ ከፍቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሸጊቱ የሸመደደችውን በእንግሊዝኛ ለቀቀችው። ጃፓን ደሴት መሆኗን፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ማዕበል የለመደች አገር መሆኗን፣ ሕዝቡም ከዚህ የተነሳ ትዕግሥተኛ እንደሆነ ተናገረች። አንድ ቃል አልሳተችም። ጆኒ ግን ሳትጨርስ ቆጣሪውን አቆመው። «ሸጊ፣ ግራመሩ ቆንጆ ነው። ፊትሽ ላይ ግን ምንም የለም። የመድኃኒት ማዘዣ የምታነቢ ነው የሚመስለው። ታመሻል?» አላት። አልታመምኩም አለችው። «ምሳሌዋ ላይ ሕይወት ጨምሪባት። ባቡር አመለጠኝ፣ ጣቢያው ላይ ቆሜ ዝናብ መታኝ፣ ያኔ ሾጋናይ አልኩ። እዚህ ጋ ፈገግ ትያለሽ።»

«የሚያመልጥ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም እኮ ቲቸር።»

«ፈታኙ በምን ያውቃል?» አለ ጆኒ፤ ቆጣሪውንም እንደገና አስጀመረው። ሸጊቱ ባቡሩ አመለጣት፣ ዝናቡ መታት፣ በታዘዘችበት ቦታ ላይ ፈገግ አለች። ጆኒ ፈገግታውን አይቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ «እግዜር ይርዳሽ» ብሎ እጇን ጨበጣት።

ፈተናው ብስራተ ገብርኤል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ሕንጻ ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ የሽንኩርት ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የኪሎውን ዋጋ ነገሯት፤ ቀጥለው የባለፈውን ሳምንት ዋጋ፣ ቀጥለው ድሮ በስሙኒ የሚገዛውን። ሸጊቱ በየመሀሉ «እ» ትላለች። ሴትዮዋ መውረጃቸው ሲደርስ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ውስጥ ነገር አለ፤ ተይው፣ ይለፍ» ብለዋት ወረዱ። ሕንጻው ደረጃ ላይ ሱልጣን እየተንደረደረ ሲወርድ አገኘችው። ክራቫቱ ዞሯል። «ወጣ! ካርዱ ወጣልኝ!» አለ በሹክሹክታ፤ አውራ ጣቱን አሳይቷት ወረደ። መጠበቂያ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ቦርሳና ስልክ ተረከቧት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚለማመዱ ሰዎች መሀል ተቀመጠች፤ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የሚመስለው። የሷ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። ክፍሏ ውስጥ ያለውን ዕቃ እያሰበች ነበር። አልጋው የት ይሄዳል? የአባቷ ካፖርት አሁንም በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ እሱን ማን ያወርደዋል?

ፈታኟ ጠና ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነጭ ሴት ናት። መቅረጫውን ከፍታ ቀንና ስም ተናገረችና መጠየቅ ጀመረች። የምትኖሪው በምን ዓይነት ቤት ውስጥ ነው? ግቢ ውስጥ፣ ከቤተሰቤ ጋር። ከቤቱ የትኛውን ክፍል ትወጃለሽ? የራሴን ክፍል። ለምን? ሁለት መስኮት አለው። ወደፊትስ በዚያ ቤት ለረጅም ጊዜ ለመኖር ታስቢያለሽ? ሸጊቱ ለዚህም ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበራት፤ ጆኒ ጽፎ የሰጣት። አፏ ግን፣ «አላውቅም፤ የተከራየ ይመስለኛል» አለ። ፈታኟ ቅንድቧን ሳታነሳ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ጥያቄው ስለ አየር ሁኔታ ነበር።

ከዚያ ካርዱን ሰጠቻት። ሱልጣን እንዳለውም ያው ካርድ ነው። ለመዘጋጃ የተሰጣትን ወረቀት ሸጊቱ ምንም ሳትጽፍበት ቆየች። «መናገር ትችያለሽ» ስትባል ደሴቱን፣ መንቀጥቀጡን፣ ማዕበሉን በቅደም ተከተል አወረደችው። ቃሉ ሾጋናይ ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ አይተረጎምም አለች። የፈታኟ እርሳስ ቆመ። ሴትየዋ ከጠዋት ጀምራ ስንት የጃፓን ቃል እንደሰማች እንጃ፤ ዓይኗ ላይ ግን ድካም አለ፤ እሷ በምትሠራበት ክሊኒክ ሌሊቱ ሲነጋ ነርሶቹ ላይ የሚታየው ዓይነት ድካም። ሸጊቱ ወደ ባቡሩ ደረሰች። «አንድ ቀን ባቡር…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ባቡሩን ፈለገችው፤ የለም። ቆጣሪው ይቆጥራል። ዝም ማለት ነጥብ እንደሚያስቀንስ ታውቃለች።

«አባቴ ገበሬ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ተረኛ ነርስ ለተተኪዋ ስታስረክብ እንደምታወራው ወጣ፤ አጭር አጭር፣ ያለ ስሜት፣ ያለ ጌጥ። መሬቱን ለቤት ሲወስዱት ሽንብራው ገና አረንጓዴ ነበር። ማሽኑ ሲገባ አባቴ ዳር ላይ ቆሞ አየ፤ በኦሮምኛ ማል ጎና አለ፣ ምን እናድርግ እንደማለት። ማታም አለው። ታሞ ሲተኛም እኔ መርፌውን ስወጋው አለው። ዛሬ ጠዋት የወንድሜ ሚስት ክፍሌን ለሌላ ሰው ስታከራይ ሰማሁ። ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። ቁርስ ላይ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እናቴም ታውቃለች። ልክ አይደለም፤ ክፍሉን የሠራልኝ አባቴ ነው። እንግሊዝኛዋ ቀላል ነበር፤ የልጅ እንግሊዝኛ። ግን በዚህ ቋንቋ ማንም ተቆጥቷት አያውቅም፣ ማንም ለምኗት አያውቅም፤ ስለዚህ ቃላቱ ሳይነኳት አለፉ። ሁለት ደቂቃው ሞላ።

ፈታኟ መነጽሯን ከዓይኗ አውርዳ መልሳ አደረገችው። «ታዲያ በናንተ ቋንቋ ተመሳሳዩ አለ ማለት ነው?» አለቻት።

«በሁለቱም፣ በኦሮምኛም በአማርኛም አለ።»

«አይተረጎምም ብለሽኝ ነበር።»

«እንደዚያ በይ ተብዬ ነው» አለች ሸጊቱ።

ሴትየዋ ከንፈሯን ነከስ አደረገች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልታወቀም። የመጨረሻውን ጥያቄ ከወረቀቷ አነበበች። መለወጥ የማንችለውን ነገር መቀበል ጥበብ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ትስማሚያለሽ? ሸጊቱ አሰበች። ቀኑን ሙሉ ከማንም ሐሳብ ሳትበደር ያሰበችው ይህን ብቻ ነው። «እንደ ተናጋሪው ነው» አለች። «በሽተኛው ሲለው ሰላም ነው። እኔ ብዙ አይቻለሁ። ነርሷ ቶሎ ቤቷ ለመግባት ብላ ለበሽተኛው ስትለው ግን ሰላም አይደለም።» ፈታኟ አመሰገነቻት፤ መቅረጫውን ዘጋችው። ሸጊቱ በሩን ስትከፍት ዞራ አላየችም።

ጆኒ ሦስቴ ደውሎ ነበር፤ አልመለሰችለትም። መንገድ ዳር ሁለት ሳምቡሳ ገዝታ እንደቆመች በላች፤ ምስሩ ጨው በዝቶበታል፣ እሱንም የተረዳችው ሁለተኛውን ስትጨርስ ነው። ላፍቶ ስትደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

የክፍሏ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ አልጋውና መስኮቱ መሀል ያለውን ቦታ በስንዝር ትለካለች። ኤሌኒ መጋረጃውን ገልጣ ይዛለች። ቦንሳ ደፉ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ አዮ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሸጊቱን ሲያዩ ሁሉም ባሉበት ቀሩ። ነገሩን የማታውቀው ልጅቷ ብቻ ናት። «አንቺ ነሽ የምትሄጂው? እንኳን ደስ አለሽ! እኔ ዚነት እባላለሁ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ሸጊቱ እጇን ጨበጠቻት። «ገና ከፈተና መምጣቴ ነው» አለች። «ማለፌን አላውቅም። ክፍሉ እንደሚከራይም ማንም አልነገረኝም። የኔ ክፍል ነው፤ አለሁበት።» አልጮኸችም። ፈታኟ ፊት እንደተናገረችው ነው የተናገረችው፤ ይህ ግን አማርኛ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ተለወጠ።

ዚነት ወደ ኤሌኒ ዞረች፤ ኤሌኒ መጋረጃውን ለቀቀችው። «ይቅርታ እህቴ፣ እኔ ይሄን አላወቅሁም። የሰው አልጋ አጠገብ ቆሜ…» አለች ዚነት። ቦርሳዋን አንስታ፣ አዮን ዝቅ ብላ ተሰናብታ ወጣች። የጫማዋ ድምፅ ከግቢው ራቀ።

«ሰው ፊት ታዋርጅናለሽ?» አለ ቦንሳ።

«ሰው በሌለበት ብትነግሩኝ እኔም ሰው በሌለበት እመልስ ነበር።»

ቦንሳ ከደፉ ወርዶ ወደ ግቢው ሄደ። ኤሌኒ፣ «እኛ እኮ ማለፍሽን አምነን…» ብላ ጀመረችና እሷም ሳትጨርሰው ወደ ማድ ቤት ሄደች። ሸጊቱ በሩን ልትዘጋ ስትል አዮ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። ጉልበቷን እየደገፈች መጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«እሷን አትቆጪያት» አለች። «ይከራይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሸጊቱ እጇን ከበሩ አነሳች።

«አባትሽ የሞተ ሰሞን አልጋውን ከቤት ያስወጣሁት ለምን ይመስልሻል? ሰው ሁሉ ጨካኝ ናት አለኝ፤ ሰምቻለሁ። ባዶ ቦታ ማየት አልችልም። አንቺ ስትሄጂ ያን ጊዜውኑ ሰው ይግባበት አልኩ። መብራቱ ሲበራ ባይ፣ ሰው አለ እላለሁ።» ይህን ሁሉ ስትናገር የምታየው ወለሉን ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም አዮ?»

«ብነግርሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ሳልነግርሽ ደግሞ ይኸው።» አዮ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ከገባችበት ስንት ጊዜ ሆኗታል። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ሸጊቱ በሩን ዘግታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እናቷ እንዲህ ትንሽ መሆኗን ልብ ብላ አታውቅም ነበር፤ ከአልጋው ግማሹን እንኳ አልሞላችም።

«ታልፊያለሽ?» አለች አዮ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«እንጃ። በይ የተባልኩትን ትቼ ሌላ ነገር አወራሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ትወድቂያለሽ» አለች አዮ። ድምጿ ያዘነ ይሁን ደስ ያለው አይለይም። ክፍሉ እየጨለመ ሄደ፤ መብራቱን የሚያበራ አልነበረም። ከውጭ የኤሌኒ ድስት ይንኳኳል። ቆይቶ የቦንሳ እግር በረንዳው ላይ ተሰማ፤ መጣ፣ በሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። አልሄደም። ሸጊቱ ጥላው በበሩ ስር ሲወዛወዝ እያየች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ተነስታ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችለትና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።